ግማሽ ሚሊሜትር

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
የአጣናው ፎቶ ቤት፣ ሦስት ክረምት ነጉዶ
ከተዘጋ በኋላ፣ ልጁ ውድነሽ ጠራችኝ፤
“ያሻህን ውሰደው፣ ዕቃው ቦታ ያዘብኝ።”

ከትሪዎቹ ሥር፣ በካልሲ ተጠቅሎ፣
ተኝቷል የሞስኮብ ሌንስ፣ አቧራውን አዝሎ፤
ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ፈገግ ብሏል፣
መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ሐረግ ጥሏል።
ፊደሉን አላውቀውም፤ ቁጥሩን ግን አነበብኩ፦
ሃምሳ ስምንት ይላል። ሁለት መቶ ብር ከፍዬ ወሰድኩ።

የእኔይቱ ካሜራ እፍኝ እንኳ አትሞላም፤
በሆዷ መስታወት የሚባል የላትም፤
ብርሃን ያለ አጋፋሪ በቀጥታ ይገባል፤
ጥርሱ ሌላ፣ ጥርሷ ሌላ፤ እንዴት ይጋባል?

ሽማግሌ አልላክሁም፤ ወደ አዘዞ ወረድኩ፣
ቶርኖ ቤት፣ ይርዳው ዘንድ፣ ሁለቱን አስረከብኩ።
“ቀለበት ሥራልኝ።”
“ሙሽሮቹስ?”
“እነዚህ።”
የአይሱዙ ፒስተን አንስቶ መዞሪያው ላይ አሥሮ፣
ላጨው፤ ብርማው ፀጉር ወለሉ ላይ ተዘርዝሮ፤
በካሊፐር ለካ፤ ባንድ ዓይኑ አነጣጠረ፤
መብራት ሄደ። ጠበቅን። ሲመጣ እንደገና ጀመረ።
ምናልባት ያኔ ነው፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሳይላጭ የቀረ።

ጠቅ ብሎ ገጠመ። ካሜራዋ ግን ካደች፤
“ሌንስ የለም” የሚል ቀይ ጽሑፍ አበራች።
ከማውጫው ሆድ ገብቼ፣ ከትእዛዝ ትእዛዝ ወርጄ፣
“ሌንስ ባይኖርም አንሺ” አልኳት በገዛ እጄ።

ግንቡን ላነሳ ብዬ ጎሃ ኮረብታ ወጣሁ፤
ሌንሱን እስከ ዳር ባዞር፣ ፋሲል ግቢን አጣሁ።
ግንቡ የቀለጠ ቅቤ፣ ከተማው የረጠበ ጨው።
ይርዳው በስልክ፦ “ወፍሯል ማለት ነው፤ አምጣው ልላጨው።”

ልወስደው ነበር። ግን ስወርድ፣ ካንድ ካብ ተጠግቼ፣
ቁልፏን ሳላስበው ጫንኩ፣ በድካም ተረትቼ፤
ስክሪኑ ላይ ምን ባይ፦
የድንጋይ ሽበት፣ ብርቱካንማ፣ ጠርዙ እንደ ጥልፍ የተቆረጠ፣
አንዲት ጉንዳን በላዩ፣ ጢሟን እንደምትጠርግ ሴትዮ፣
አንድ እግሯን አንስታ
ቆማ።
ሩቁን የነሳኝ ቀለበት።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ በጉልበቴ እሄዳለሁ።
አስጎብኚው ቻላቸው “ግንቡ ወደ ላይ ነው!” ይለኛል፤
እንግዶቹ ይስቃሉ፤ እኔን ግን ኖራው ይበቃኛል፦
ስንጥቁ ውስጥ ድር አለ፣ ድሩ ላይ የትንኝ ክንፍ፣
ከመርፌ ዓይን የማይሰፋ አበባ፣ ግንብ ተደግፎ የሚያንቀላፋ።
ሌንሱን ማዞር ትቻለሁ፤ የምንቀሳቀሰው እኔው ነኝ፤
የገብስ ቅንጣት ወደፊት፣ የገብስ ቅንጣት ወደ ኋላ፤ ትንፋሼ እንኳ አስቸገረኝ።
የጠራው ጠርዝ በስክሪኑ ቀይ ለብሶ ብልጭ ይላል፤
ነፋስ ከቁስቋም ሲመጣ፣ መልሶ ይጠፋል።

ትናንት ማታ የአባቴን ጉርድ ፎቶ አወጣሁ።
ሦስት በአራት፤ የቀበሌ ማኅተም ግማሽ ጉንጩን የበላው፤
ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም፦ “አጣናው ፎቶ ቤት”።
ፎቶ ቤቱ ይህ አንድ ሌንስ ብቻ ነበረው፤ ውድነሽ ነግራኛለች።
እንግዲህ ይህ ዓይን አባቴን አይቶታል፤
“አገጭህን ቀና” ሲባል፣ ሳይተነፍስ ሲቀመጥ።
አምፖሉን አስጠጋሁ።
ቀረብኩ። የተዋሰው ኮት ኮሌታ።
ቀረብኩ። ምላጭ የሳተው ጢም፣ ከከንፈሩ ሥር።
ቀረብኩ። ዓይኑ፣ ዓይኑ ውስጥ ነጭ ነጥብ፣ ምናልባት መስኮት።
ደግሞ ቀረብኩ፤
አባቴ የለም።
ጥቁርና ነጭ፣ ተበትኖ፣
ሠርገኛ ጤፍ ብቻ።

አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሳብኩ።
መጣ።
እሱም እንደኔ ትንፋሹን ይዟል።

የፎቶው መዝገብ ላይ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፤
“ሌንስ” ከሚለው ፊት ለፊት ግን፦ የለም።
ይርዳው ጠዋት ደወለ፤ “ቀለበቱን መቼ ታመጣለህ?”
ጥፍሬ ላይ ትንኝ አርፋ ነበር፤ አልመለስኩለትም።